ታክስህን ሌላ ሰው ቀድሞ አስገብቶብህ ከሆነ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላሳጥረው። ታክስህን ሞልተህ በኢንተርኔት ስትልክ ተመለሰብህ፤ በዚህ ሶሻል (ሶሻል ሴኩሪቲ) ቁጥር ቀድሞ ገብቷል አለህ። ሶሻሌን ለማንም አልሰጠሁም፣ ምን ላድርግ ነው ያልከው።

መጀመሪያ ሲመለስ አብሮ የመጣውን ኮድ እየው። 507 የሚል ካለበት ጣጣው የልጅህ ሶሻል ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌባ ሳይሆን የልጁ እናት ወይም አብሯችሁ የሚኖር ዘመድ ነው በራሱ ታክስ ላይ ያስገባው። 902 ከሆነ ግን በራስህ ሶሻል ሙሉ ታክስ ገብቷል። ያኔም ቢሆን አምና ታክስህን ለሠራልህ ሰው ደውልለት። ሪፈንድህ (የሚመለስልህ ገንዘብ) ስንት እንደሚሆን ላሳይህ ብሎ ሞልቶ፣ ሳትፈርም ልኮት ሊሆን ይችላል። (እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ታክስ ሠሪ የሙያ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ።)

እሱም አላውቅም ካለ ሶሻልህ ሰው እጅ ገብቷል። ታክስህን በወረቀት አትመህ፣ ፈርመህ፣ ማንነቴ ተሰርቋል ብለህ የምታመለክትበትን ፎርም 14039ን አያይዘህ በሰርቲፋይድ ሜይል ላክ። ኤፕሪል 15 አንተንም ይመለከታል፤ ተሰርቄያለሁ ብለህ እንዳትቀመጥ። ሪፈንዱ ወራት ይፈጃል፣ ከዓመት በላይ የጠበቁም አሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክሬዲትህ ነው። ሶሻልህን የያዘ ሰው ነገ በስምህ በብድር መኪና ያወጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን የሚባሉት የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ድረ ገጽ ገብተህ ክሬዲትህን ፍሪዝ አድርግ፣ ማለት ቆልፈው። አንዱ ጋ ስታደርግ ሌሎቹ ጋ አይደረግልህም፣ ሦስቱም ጋ መግባት አለብህ። በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ የሚል ገጽ ከመጣብህ ሌላ ነገር እየሸጡልህ ስለሆነ ተመለስ። ከዚያ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ (IdentityTheft.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አመልክት፤ የሚሰጥህ ወረቀት ነገ ዕዳ ሰብሳቢ ሲደውልብህ ያስፈልግሃል።

አሁን ደግሞ ማይክሮዌቭ ላይ የከመርከውን ፖስታ አውርድ። እኛ ሰዎች እንግሊዝኛ የበዛበትን ደብዳቤ ሳንከፍት እናከማቻለን፣ ምልክቱ ግን ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ከአይ አር ኤስ (ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) የመጣ ካለ ከላይ ወይም ከታች በስተቀኝ ጥግ የደብዳቤውን ቁጥር ፈልግ። 5071ሲ ካለ በስምህ የገባ ታክስ ተጠርጥሮ አንተው መሆንህን አረጋግጥ እያሉህ ነው። ሥራ ፈት አበል ሳትቀበል አበሉን ተቀብለሃል የሚል 1099-ጂ ፎርም ከመጣብህ፣ ረግጠኸው ከማታውቀው ድርጅት ደብሊው-2 (የደሞዝ መግለጫ) ከደረሰህ፣ ያልታከምክበት ሐኪም ቤት ቢል ከላከልህ፣ ሁሉም አንድ ዘር ናቸው። የሚመጣልህ የባንክ ፖስታ ድንገት መቅረቱም ምልክት ነው፣ አድራሻህን የቀየረው ሰው ሊኖር ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንት ከፍተህም በየዓመቱ ስንት እንደሠራህ የሚለውን እየው፤ ካንተ ገቢ በልጦ ካገኘኸው በሶሻልህ ሌላ ሰው እየሠራበት ሊሆን ይችላል።

ለከርሞ ደግሞ አይ አር ኤስ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ አይ ፒ ፒን የሚሉትን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አውጣ። በየጃንዋሪው ይታደሳል። ያለ እሱ በሶሻልህ ማንም በኢንተርኔት ታክስ ቢልክ ይመለስበታል። ለልጆችህም አውጣላቸው፣ የልጅ ሶሻልን ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቁጥሩን እንደ እኔ ላለው ታክስ ሠሪ የምትሰጠው ግን ፈርመህ በምትልክበት ቀን ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ለምን እንደፈለገው ጠይቀው።