67 ተማሪ ይዞ ተማሪ ተኮር ማስተማር ይቻላል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምስተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ታስተምሪያለሽ፤ ክፍልሽ ውስጥ 67 ተማሪ አለ። ኮሌጅ ሳለሽ ኮንስትራክቲቪዝም፣ ማለትም ተማሪ አዲሱን እውቀት ከሚያውቀው ተነስቶ ራሱ ይገነባዋል የሚለውን ሐሳብ፣ ተምረሻል። ልጆቹን በቡድን ስታስቀምጪ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ የቀሩት ይንጫጫሉ። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ «ገለጻ አብዝተሻል» ይልሻል። «ይሄ ነገር እኛ ክፍል ውስጥ ይሠራል? ወይስ ወደ ገለጻዬ ልመለስ?» ነው ያልሽው።

ይሠራል። ግን ለጊዜው ቡድኑን ተዪው።

እኔ 16 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ግማሹን ገጠር፣ ግማሹን ከተማ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዓመታት ልክ እንዳንቺ ነው የለፋሁት። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ቃል ያልሰማ መምህር የለም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ዴስክ ማዞር ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ፊት ለፊት ከተያዩ ጥሩ መምህር ነሽ፣ ወደ ሰሌዳው ከዞሩ ኋላ ቀር ነሽ።

ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆችን ሲጠይቅ አጥብቆ የሚከታተለው የተሳሳተውን መልስ ነበር። እኩል ውሃ ያለባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ያሳያቸዋል። ከዚያ የአንዱን ውሃ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ይገለብጣል። ትንንሾቹ «ረጅሙ ውስጥ ያለው ይበዛል» ይላሉ። እነዚህ ልጆች አስበዋል፤ የተሳሳቱት በቁመት ብቻ ስለለኩ ነው። እንደ ፒያዤ በ1896 እ.ኤ.አ. የተወለደው የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን የማይደርስበት፣ የሚያግዘው ሲያገኝ ግን የሚደርስበት ቦታ አለ፤ ማስተማር ያለብን እዚያ ላይ ነው አለ። አሜሪካዊው ዴቪድ አውሱቤል በ1968 እ.ኤ.አ. ትምህርትን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እሱን ፈልጋችሁ አግኙና ከዚያ ተነስታችሁ አስተምሩ ብሎ ጻፈ። አውሱቤል እኮ ለገለጻ የሚከራከር ሰው ነበር! ይህን ሳውቅ ከትከሻዬ ሸክም ወረደልኝ። ገለጻ ኃጢአት አይደለም። ልጁ ምን እንደሚያስብ ሳያውቁ መግለጽ ነው ችግሩ።

ይህ የገባኝ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጽፌ «የቱ ይበልጣል?» አልኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንድ አራተኛ!» አለ። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ። ላዕልና ታህትን ሦስት ቀን አስረድቼ ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ልጅ ጠየቅኩት።

«አባትህ የሰው መሬት ቢያርስ ለባለ መሬቱ ሲሶ ቢሰጥ ይሻለዋል ወይስ እርቦ?»

ልጁ ሳቀ። «እርቦ ነዋ!»

«ለምን?»

«ሲሶ ብዙ ይወስድበታላ!»

«ሲሶ ማለት ስንት ቦታ ተከፍሎ ነው?» «ሦስት።» «እርቦስ?» «አራት።» ጠመኔ አንስቼ ከ1/3 ሥር ሲሶ፣ ከ1/4 ሥር እርቦ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከኋላ አንዲት ልጅ «እንዴ፣ ታዲያ ታች ያለው ሲበዛ ድርሻው ያንሳል ማለት ነው!» አለች። ሦስት ቀን የደከምኩበትን ዓረፍተ ነገር እሷ ተናገረችው።

በማግስቱ ወደ መደመር ሄድን። 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ስላቸው አብዛኞቹ 2/7 ብለው ጻፉ። ይሄንን አንቺም ሳታይው አትቀሪም። «12 ቁና ጤፍ አለን እንበል» አልኳቸው። ሲሶው 4 ቁና፣ እርቦው 3 ቁና። አንድ ላይ 7 ቁና፣ ከ12። 7/12 ማለት ነው። ከዚያ ወደ 2/7 መለስኳቸው። 2/7 እኮ ከሲሶም ያንሳል! ደምረን እንዴት አነሰ? ልጆቹ ራሳቸው «አይሆንም» አሉ። የራሳቸውን መልስ ራሳቸው ሲጥሉት ማየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። 12ን ማን መረጠው? እኔ ነኝ። የጋራ ታህት የሚባለውን ልጆቹ በራሳቸው አላገኙትም፤ ቢቀመጡ ውለው ቢያድሩም አያገኙትም ነበር። ለምን 10 ወይም 15 እንዳልሆነ፣ በሦስትም በአራትም የሚካፈል ቁጥር ለምን እንዳስፈለገን ቆሜ 15 ደቂቃ ገለጽኩ። ያን ቀን ግን ሰሙኝ፤ የሚሰሙበት ምክንያት ነበራቸው።

ከዚያ ወደ ከተማ ተዛወርኩ። ያንኑ ጥያቄ ይዤ ገባሁ። «ቲቸር፣ እርቦ ምንድን ነው?» አሉኝ። ለእነሱ የሠራው ሱቅ ነው። ተልኮ ሩብ ኪሎና ግማሽ ኪሎ ስኳር ያልገዛ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ የእኔን ምሳሌ ቀድተሽ አትውሰጂ። ያንቺ ልጆች የሚያውቁትን እነሱን ነው መጠየቅ ያለብሽ።

እንዴት እንደምጠይቅ ልንገርሽ። አዲስ ርዕስ ከመጀመሬ በፊት ባለው ቀን፣ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት መልሱንና ምክንያቱን ይጽፋል። ስም አያስፈልግም፣ ውጤት የለውም። 67 ወረቀት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመጣው ሐሳብ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ነው። በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣሁ በየዓይነቱ እደረድረዋለሁ። የነገው ትምህርቴ ከዚያ ይወጣል።

ስለ ቁሳቁስም አትጨነቂ። አንድ ዓመት ለዘጠኝ ቡድን የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና አምፖል በኪሴ ገዝቼ «አብሩት» አልኳቸው። ያበሩት ሁለት ቡድኖች ናቸው። የቀሩት «ድንጋዩ አልቋል» ብለው ወጡ። አንድ ሽቦ የአምፖሉ ታች ላይ ካስነኩ የሚበራ መስሏቸው ነበር፤ እኔም ሳላቃናው ደወል ተደወለ። በዓመቱ በአንድ ድንጋይና በአንድ አምፖል ብቻ አስተማርኩት። መጀመሪያ ሁሉም እንዴት እንደሚያገናኙት ደብተራቸው ላይ ሣሉ። ከሥዕሎቹ ሦስቱን ሰሌዳ ላይ አወጣሁ። የቱ ያበራል ብዬ እጅ አስወጣሁ። ከጎንህ ካለው ጋር ተከራከር አልኩ፤ ዴስኩ ሦስት ሦስት ስለሚያስቀምጥ ማንም መነሳት አላስፈለገውም። ከዚያ ፊት ለፊት ሦስቱንም ሞከርን። ያልበራው ለምን እንዳልበራ፣ የአምፖሉ ጎንና ታች ሁለት የተለያዩ መገናኛዎች መሆናቸውን፣ ኤሌክትሪኩ ዞሮ መመለሻ መንገድ እንደሚፈልግ ያኔ ነገርኳቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ልጆቹን ማናገር ነው። የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም እንዲል ነው ያደገው። መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ከፊትሽ ያነባል። «እንዴት አወቅህ?» ስትይው ወዲያው መልሱን ይቀይራል፤ የተሳሳተ ይመስለዋላ። መፍትሔው ልክ ሲመልሱም መጠየቅ ነው። ልክ ያለውንም፣ ያልሆነውንም፣ በተመሳሳይ ድምፅ «እንዴት አወቅህ?» አንድ ወር ያህል ፈጀብኝ፤ ከዚያ ለመዱት። አንድ ሰው ከሳቀበት ግን ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አይናገርም። ስለዚህ ሳቅ ላይ ጥብቅ ነኝ።

አንድ ባልደረባዬ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ሲለኝ የቅኔ ቤቱን አስታወስኩት። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ግሱንና አገባቡን በቃሉ ይይዛል። ከዚያ ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም አስቦ ያዘጋጃል፤ ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይጀምራል። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የሌላውን ቅኔ በመድገም ብቻ ቢቀር ማንም «ቅኔ አወቀ» አይለውም። ግሱን በቃሉ ያልያዘ ደግሞ ምንም አይቆጥርም። የማባዛት ሠንጠረዥን በቃላቸው እንዲይዙ የማደርገውም ለዚህ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ምዕራፉ አያልቅም ላልሽው፣ ሁሉንም ርዕስ እንዲህ አታስተምሪ። ልጆቹ የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው የሚመጡባቸውን ብቻ ለዪ፦ ክፍልፋይ፣ ትነት፣ ጥላ፣ ኤሌክትሪክ፣ ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል የሚለው። የአካል ክፍል ስም፣ የመለኪያ አሃድ፣ የምልክት ትርጉም ዝም ብለሽ ንገሪያቸው። እኔ በአንድ ሴሚስተር ከስድስት ሰባት ርዕስ በላይ እንዲህ አስተምሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ትነት ትጀምሪያለሽ ብለሻል። እስኪ ዓርብ ከመውጣታቸው በፊት «የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት ሄደ?» ብለሽ አጽፊያቸው። «ፀሐይ መጠጠችው» የሚል ብዙ ይመጣልሻል። «ልብሱ ውስጥ ገባ»ም ይመጣል። ሰኞ ምንም ሳትናገሪ እርጥብ ጨርቅ ይዘሽ ግቢና ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ሰፊ መስመር አብሺ። ፀሐይ የማይነካው ቦታ ላይ። በጠመኔ ዙሪያውን አስምሪበት። እየቆዩ ሲያዩት ጥቁሩ እርጥበት ከዳር ዳር እየሸሸ ይጠፋል፣ የጠመኔው ክብ ባዶውን ይቀራል። ያን ጊዜ «ፀሐይ የት አለች?» በያቸው። የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።