የቆየ ፍርሃት ይዘው ድንገተኛ ክፍል ስለሚገቡ ሕሙማን

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ወጣት ደረቷን እያፈናት፣ ልቧ በኃይል እየመታና እጆቿ እየተንቀጠቀጡ በእህቷ ተደግፋ መጣች። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለማስገባት ክንዷን ስይዝና ባልደረባዬ መጋረጃውን ሲዘጋ ጮኻ ከአልጋው ወረደች፤ ጥበቃ ተጠርቶ ሊይዛት ሲሞክር ደግሞ ባሰባት። አንዱ የሥራ ባልደረባችን «ታስመስላለች» አለ። እህቷ ግን ከተመለሰች ጀምሮ በር ሲዘጋ እንደምትደነግጥ ነገረችን። ወረፋ በበዛበትና አልጋ በማይገኝበት ክፍል እንዲህ ያለችን ታካሚ እንዴት መያዝ ይገባናል? ያለፈባትንስ መጠየቅ አለብን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የነገሩን አቅጣጫ ያመለከተችው እህቷ ናት። በአደጋ ውስጥ የኖረ ሰው ያንን አደጋ የሚያስታውስ ምልክት ሲያጋጥመው፣ አእምሮው ሁኔታውን ገና ሳያመዛዝን ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል፤ ይህ በፈቃድ የሚደረግ ማስመሰል አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለውን ይህን የጭንቀት ሕመም በምርመራ መመሪያው ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በቤት ሠራተኝነት ከሄዱ እህቶቻችን መካከል በር ከውጭ የተቆለፈባቸው፣ ፓስፖርትና ስልካቸው የተወሰደባቸው፣ የተደበደቡ እንዳሉ እናውቃለን። ይህች ወጣት ከእነርሱ አንዷ መሆኗን ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍሉን በእርሷ ዓይን ይመልከቱት፦ ልብሷን አውልቂ ትባላለች፣ ስልኳን ለማስቀመጥ ይቀበሏታል፣ የማታውቀው ሰው በራስጌዋ ይቆማል፣ ክንዷ ይያዛል፣ መጋረጃው ይዘጋል።

ይህን ከተረዳን በኋላ ግን በተቃራኒው መሳሳትም አለ፤ በእኔ እምነት እንዲያውም የሚከፋው እርሱ ነው። «ያለፈው ነገር ነው ያስጨነቃት» ተብሎ የደረት ሕመሙ ሳይመረመር መቅረት የለበትም። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፣ የኦክስጅን መጠኗ፣ የደም ስኳሯና ሙቀቷ ይለካ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና በሳንባ የደም ቧንቧ ውስጥ የረጋ ደም ይታሰቡ። በድንገት ግራ የተጋባችና የምትቀባዥር ከሆነ ደግሞ የኦክስጅን ወይም የስኳር ማነስ፣ ኢንፌክሽን ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ «ጭንቀት» ተብሎ ካርዱ ላይ የተጻፈበት ሰው ከዚያ በኋላ የሚያሰማውን የሕመም ስሜት ሁሉ በዚያው ዓይን ማየት ቀላል ይሆናል፤ ብዙ ሕሙማን ተገቢ ሕክምና የሚያጡትም በዚህ መንገድ ነው።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ ዋናው ነገር ከመንካት በፊት መናገርና የማስቆም መብቷን በእጇ ማድረግ ነው። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ለፊቷ ይምጡ፤ ስምዎንና ሥራዎን ይንገሯት፤ ቢቻል ዝቅ ብለው ይቀመጡ። «እህቴ፣ የደም ግፊትሽን ልለካ ነው፤ ይህ ጨርቅ ክንድሽን ለጥቂት ጊዜ ጠበቅ ያደርገዋል፤ በቃ ካልሽኝ አቆማለሁ፤ በየትኛው ክንድሽ ይሻልሻል?» ይበሏት። በቃ ካለችም በእርግጥ ያቁሙ፤ ቃልዎን ካላከበሩ ቀጥሎ የሚሉትን አታምንም። መጋረጃው ለገመናዋ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መውጫው እንዲታያት በከፊል ክፍት ሊተው ይችላል። ስልኳም አጠገቧ ይቀመጥ። ጊዜ የለም የሚለው ሐሳብ ሁላችንንም ይፈትነናል፤ ሆኖም ይህን ሁሉ ለመናገር የሚወስደው ጊዜ ጥበቃ ጠርቶ፣ ታግሎ፣ ካኑላውን እንደገና ለመሞከር ከሚባክነው ያነሰ ነው።

ፍርሃቱ ከያዛት በኋላ «ተረጋጊ» እያሉ መጮህ አይጠቅምም። እጅዎን ያንሱላት፣ በአካባቢዋ የሚቆመውን ሰው ይቀንሱ፣ በስሟ ጠርተው አሁን ሆስፒታል ውስጥ መሆኗን፣ እህቷም አጠገቧ እንዳለች በዝግታ ይንገሯት። እግሮቿን መሬት ላይ እንድታሳርፍ፣ የምታያቸውን ነገሮች እንድትጠራ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ እንድታስወጣ ይጋብዟት። አስገድዶ መያዝ ሕይወቷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አፋጣኝ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒትም ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተለመደ መልስ መሆን የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የሚታዩ የጭንቀት ምልክቶችን ለመቀነስ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ መክሯል።

ያለፈባትን በዝርዝር አይጠይቁ። ተረኛው ሁሉ እየመጣ ታሪኳን ቢያስደግማት ቁስሉን መቀስቀስ እንጂ ማከም አይሆንም። «ስንመረምርሽ እንድንጠነቀቅበት የምትፈልጊው ነገር አለ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃል። ሁለት ጉዳዮች ግን ሊታለፉ አይገባም። የመጀመሪያው በቅርብ የደረሰ ጾታዊ ጥቃት ነው፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሰጠት ስላለበት፣ ሰዓቱን ማወቅ ግድ ነው። ይህ የሚጠየቀው አስታማሚ ሳይኖር ለብቻዋ ነው፤ ያመጣት ሰው ራሱ ጉዳት አድራሹ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት በግልጽ መጠየቅ ነው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባትም።

ከመሸኘቷ በፊት በሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ነርስ ካለ ያገናኟት። ቤተሰቧ ጸበል ሊወስዳት ቢፈልግ አይከራከሩ፤ ክትትሏንና መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ ብቻ በአክብሮት ያስረዱ። በካርዷም ላይ «አስቸጋሪ ታካሚ» ከማለት ይልቅ «ከመንካት በፊት ይነገራት፤ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ አይዘጋ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የሌሊቱ ተረኛ ከዜሮ አይጀምርም።

ጥያቄ፦ ከግጭት አካባቢ ተፈናቅዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ ያየሁትን ሁሉ የመናገር ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። «ያለፈብኝ ነገር ስላለ ሳይነግሩኝ አይንኩኝ» ማለት በቂ ነው። የሚያስፈራዎት ጨለማ፣ ጩኸት ወይም ብቻዎን መቀመጥ ከሆነ እርሱን ብቻ ይንገሩ፤ የሚያምኑትን ሰውም ይዘው ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒትና የቆየ የአካል ጉዳት ግን አይደብቁ፤ ሐኪሙ የሚያዝልዎት መድኃኒትና ምርመራ በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።