ያልነገራችሁትን ሒሳቡ አያውቅም

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ተቀምጬ ነው። ክረምቱ ገብቷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የመጣው አሁን ቅድም ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት መስመር ሲዘረጋ በማቀድ ነውና፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር "የቱ ጋ ተበጥሶ ይሆን?" ማለት አልተወኝም።

ከእናንተ ውስጥ እዚሁ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ኢንጂነሪንግ የምትማሩ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ "ይሄ ኦፕቲማይዜሽን የሚሉት ኮርስ ሥራ ላይ ምን ያደርጋል?" ብላችሁኛል። ከብዙ አማራጮች ውስጥ የተሻለውን በሒሳብ መፈለግ ማለት ነው፤ ለእኔ እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኦታካር ቦሩቭካ የሚባል የቼክ የሒሳብ ሊቅ አንድ ጥያቄ ቀረበለት። ሞራቪያ በሚባለው ያገሩ ክፍል መብራት ሊገባ ነው። ሁሉንም ከተማ በትንሹ ሽቦ ለማዳረስ መስመሩ እንዴት ይዘርጋ? መልሱ ቀላል ነው፣ ዛሬም ይሠራል። እያንዳንዱ ከተማ በጣም ከሚቀርበው ጋር ይገናኝ። የተገናኙት እንደ አንድ ይቆጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን በጣም ወደሚቀርበው ቡድን ይዘርጋ። ሁሉም አንድ እስኪሆን እንዲህ ይቀጥላል።

እስክሪብቶ ያዙና እንሞክረው። ኃይሉ የሚነሳው ከ"ሀ" ነው። ሦስት መንደሮች አሉ፤ ለ፣ ሐ እና መ። ከሀ እስከ ለ 9 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሐ 12፣ እስከ መ 15 ነው። ከለ እስከ ሐ 5፣ ከሐ እስከ መ 6፣ ከለ እስከ መ 10። ለእያንዳንዱ መንደር ከሀ ለብቻው ብትዘረጉ 36 ኪሎ ሜትር ሽቦ ትፈጃላችሁ። በቦሩቭካ መንገድ ከሄዳችሁ ግን ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ፣ ከሐ ወደ መ ይሆናል። ድምሩ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ የሚያንስ የለም። ቁጭ ብላችሁ አረጋግጡት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከዚህ ሥዕል ብዙም አይለይም ነበር። ወጣት ነበርኩ። በእጄ ሠርቼ፣ ደጋግሜ አጣርቼ፣ ትንሹን ቁጥር ይዤ አለቆቼ ፊት ቀረብኩ። ተመሰገንኩ። መስመሩም ተዘረጋ። መብራቱ የበራ ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም እንባዬ መጣ።

በሦስተኛው ክረምት የመጀመሪያው ሸለቆ አፋፍ ላይ አፈሩ ተንሸራተተና ሁለት ምሰሶ ወደቀ። ቦታው በሀ እና በለ መካከል ነው። እንግዲህ ሥዕሉን እዩት። ሀ እና ለ ከተቆረጡ ሐም የለም፣ መም የለም። ሦስቱም ጨለሙ። ጭቃው መኪና ስለማያሳልፍ አዲሱ ምሰሶ በሰው ትከሻ እስኪደርስ አስራ አንድ ቀን ፈጀ።

በዘጠነኛው ቀን በእግሬ መ ደረስኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እህል የያዙ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ባለቤቶቹ የሉም፤ ወረፋቸውን እንዳይነጠቁ ጆንያውን ትተው ሄደዋል። አንዲት እናት ብቻ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጆንያው ከሥር እርሶ ጠቁሯል። ጤፉ እንዳይበቅልባቸው እጃቸውን እየከተቱ ያገላብጡታል።

"ልጄ፣ መብራት ሠራተኛ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"መብራቱ ሳይመጣ በፊት እኮ የናፍጣ ወፍጮ ነበረን። መብራት ገባ ተብሎ ተሸጠ።"

ሌላ ምንም አላሉም። አልተቆጡኝም።

ሒሳቤ ስህተት አልነበረበትም፤ 20 ኪሎ ሜትሩ እውነት ነው። ግን እኔ የጠየቅሁት "ሽቦው እንዴት ይነስ?" ብዬ ነው። ሒሳቡም የጠየቅሁትን መለሰልኝ። ሸለቆውን አልነገርኩትም። ክረምቱን አልነገርኩትም። የናፍጣው ወፍጮ እንደሚሸጥማ እኔም አላሰብኩት።

ከሀ ወደ መ አንድ የ15 ኪሎ ሜትር መስመር ብንጨምር መስመሩ ቀለበት ይሆናል። ድምሩ 35 ነው። በደህናው ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆም ስዊች አንድ ቦታ ይገባበታል፤ ስዊች ክፍት ሲሆን ኃይል አያሳልፍም፣ ሲዘጋ ያሳልፋል። የትኛውም ክፍል ቢበጠስ የተበጠሰውን ነጥሎ፣ ስዊቹን ዘግቶ በሌላው በኩል መመገብ ይቻላል። ወጪ መቀነስ አለብን ካላችሁ በ15ቱ ፋንታ ከሀ ወደ ሐ 12 ኪሎ ሜትር ዘርጉ። 3 ኪሎ ሜትር ታተርፋላችሁ። ያን ጊዜ ግን መ አሁንም በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ጥያቄው የሽቦ ብቻ አይደለም፤ የመ ሰው ከሌላው እኩል ይቆጠራል ወይ ነው። ይህን ሒሳቡ አይወስንላችሁም። እናንተ ናችሁ የምትጽፉለት።

መንገድም ያው ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ቡና ሲጠጣ፣ አጭሩን መንገድ የሚያወጣ ዘዴ በ20 ደቂቃ ውስጥ አሰበ። ያለ ወረቀት ነው ያሰበው፤ በጣም ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ዘዴው ግን በየመንገዱ ላይ የምትጽፉትን ቁጥር ከእናንተ ይጠብቃል። ከደጀን ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ለአይሱዙ ምንም ማለት አይደለም። አባይ በረሃ ላይ ግን ጤፍ የጫነው መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ መልሶ ይወጣል። ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ናፍጣውን፣ ፍሬኑን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ለመውረጃውና ለመውጫውም አንድ ቁጥር አትስጡ። ሹፌሮቹን ጠይቁ፤ ከደጀን ወደ ድልድዩና ከድልድዩ ወደ ደጀን ለእነሱ ሁለት መንገድ ነው። ጮቄ ሥር ላሉት ገጠሮች ደግሞ የበጋና የክረምት ካርታ ለየብቻ ሥሩ። በጥር የሚያልፈው መንገድ በሐምሌ የለም።

ውሃውን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጣና ውሃ በጢስ አባይ ተርባይኖች ሲያልፍ የሚወርደው 50 ሜትር ገደማ ነው። በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ማመንጫ ሲሄድ ግን ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከአንድ ሜትር ኩብ ውሃ የሚገኘው ኃይል ስድስት እጥፍ ያህል ነው። "ኪሎ ዋት ሰዓት ይብዛ" ብቻ ካላችሁት ሞዴሉ፣ ማለትም ጥያቄውን በሒሳብ የጻፋችሁበት፣ ውሃውን ሁሉ ወደ በለስ ይልከዋል፤ ለምን ያመነታል? 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ጀመረ። ውሃው ለኃይል ሲባል ሲቀየስ የጢስ እሳት ፏፏቴ በበጋ ምን ያህል እንደሚሳሳ ያየ ያውቀዋል። ኃይሉ ለአገር ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ለፏፏቴው፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለታንኳው፣ እንግዳ ይዞ ለሚዞረው ልጅ የሚቀረውን ውሃ እንደ ገደብ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት አንድ መስመር መጻፍ ነው። አንድ መስመር! ሞዴሉ እሱን አክብሮ ከቀረው ውስጥ የተሻለውን ይፈልግላችኋል።

ወደ ሥዕላችን ልመለስ። 15 ኪሎ ሜትሩን ለማስፈቀድ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ውድቅ ሲደረግ መልሼ አስገባሁ። በመጨረሻ በሽቦ ዋጋው አጠገብ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት፣ የወፍጮውን ቁጥርና የክሊኒኩን ፍሪጅ ጽፌ አቀረብኩት። ያኔ ፈቀዱ።

መስመሩ ባለቀ በሁለተኛው ክረምት ያው አፋፍ ዳግመኛ ተናደ። ሌሊት ነበር። ተረኛው ሠራተኛ የተበጠሰውን ነጥሎ ስዊቹን ዘጋ። ጠዋት ደወልኩለት። መ ያሉት እንዴት ናቸው አልኩት። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ አላስነጋግረን አለ። ሰዎቹ ሌሊት መስመር መበጠሱን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ኧረ ማንም አላወቀም ጋሼ" አለኝ።