ጥያቄና መልስ፦ «ጎርጎራ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ልዋኝ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለተማሪዎች የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ልናሰባስብ ነው። እኔ ደግሞ ጎርጎራ ወርጄ ጣና ላይ 5 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ የሚል ነገር ከአፌ አመለጠኝ። በኪሎ ሜትር ሒሳብ ብር ሊሰጡ ቃል የገቡም አሉ። ችግሩ፣ ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ደህና ነኝ፤ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ግን ሦስቴ ተመላልሼ ጠርዙን ይዤ አለከልካለሁ። አምስት ወር አለኝ። ይበቃኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለ5 ኪሎ ሜትሩ ከተጋሽ ይበቃሻል። ጣናን ግን ተይው፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ትንፋሽ። ሯጭ ሆነሽ ገንዳ ውስጥ የምታለከልኪው ሳንባሽ ደክሞ አይመስለኝም። አብዛኛው ጀማሪ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ቆልፎ ይይዛል፤ ከዚያ አፉ ብቅ ባለባት ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ያምረዋል፣ ጊዜው አይበቃውም። ፊትሽ ውሃ ውስጥ እያለ በአፍና በአፍንጫሽ ቀስ እያልሽ አውጪው። ወደ ጎን ስትዞሪ ማስገባት ብቻ ይቀርሻል። ራስሽን ወደ ፊት ቀና ካደረግሽ እግርሽ ይሰምጣል። ሯጮች ደግሞ እግራቸውን አለቅጥ ያራግባሉ፣ ቶሎ የሚያደክማቸውም እሱ ነው። በረጅም ርቀት ሥራው የክንድ ነው፤ እግር ሚዛን ይጠብቅ። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩም ሳሳ ይላል፣ አትቸኩዪ።

በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። የመጀመሪያውን ወር ርቀት አትቁጠሪ፦ አንድ ጊዜ ተሻገሪ፣ ትንሽ እረፊ፣ ድገሚ። ከዚያ በኋላ ከሦስቱ ቀን አንዱን ለረጅሙ ዋና አድርጊና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሪበት፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሺ። ከዋናው ቀን በፊት አንድ ጊዜ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረስሽ ቀሪውን አትፍሪው። ጡንቻ ቢዝል ምንም አይደል፣ ትከሻሽ መገጣጠሚያው ላይ ከወጋሽ ግን ያኔውኑ አቁሚ። በየግማሽ ሰዓቱ ቀጠን ያለ በሶ በማር ጎንጨት በይ። ጾመኛ ከሆንሽ ረጅሙን ዋና በባዶ ሆድ አትሞክሪው፣ ከፈሰክሽ ወይም ምሳ ከበላሽ በኋላ ይሁን፤ በእርግጥ ከማዕድ ተነስቶ ወዲያው ውሃ መግባትም አይመከርም።

ወደ ጣና ልምጣ። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ፎጣ ብትጠራረጊበት አያስጥልሽም። ጉማሬ አለ። በሰሜኑ ዳርቻ እምቦጭ አለ። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል። ደግሞም የምትይዢው ጠርዝ የለም! አጃቢ ጀልባና ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር እዚያ መግባት ጀግንነት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የኪሎ ሜትሩ ብር ነው። ሰውነትሽ «በቃኝ» ሲል አንቺ የሕፃናቱን ደብተር እያሰብሽ ትቀጥያለሽ። ለጋሾችን ዛሬውኑ አናግሪያቸው፦ ብሩ ለመሞከርሽ ይሁን፣ ለመጨረስሽ አይሁን። እሺ የማይል ካለ ገንዘቡ ይቅር።

እኔ ብሆን ገንዳው ውስጥ አደርገው ነበር። ገንዳው 25 ሜትር ከሆነ 5 ኪሎ ሜትር ማለት 100 ደርሶ መልስ ነው። (በሜትር ለኪው፣ የሆቴል ገንዳ ብዙ ጊዜ ያጥራል።) እያንዳንዱን ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው ሽጪለት፤ ሳትደርሺበት ብታቆሚም ብሩ ያው ይሁን። ገዢው ጠርዙ ላይ ሻይ እየጠጣ የራሱን ይቆጥራል፣ ይጮኻል፣ ጓደኛውንም ይጠራል። ጣና ላይ ብትሆኚ ማን ያይሻል? የሚያድን ዋናተኛ ግን ገንዳም ቢሆን ይቁም።

ሥራ አስኪያጁን ከአሁኑ አነጋግሪ። ቀን ስትቆርጪ የጥምቀትን ሰሞን ዝለይው፤ ያኔ ሆቴሉ ሁሉ በእንግዳ ስለሚሞላ ገንዳውን ሙሉ ጠዋት የሚለቅልሽ አታገኚም።