ሻንሲው ንጹሕ ነው ተብሏል፤ የቤቱ ኤሌክትሪክስ?

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የ2016 ሞዴል ሞተርሆም (በላዩ መኖሪያ ቤት የተሠራበት መኪና) ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ገዝቼ፣ በየበጋው ባለቤቴንና ሦስት ልጆቻችንን ይዤ እጓዝበታለሁ። ባለፈው ወር ይኸው ባልደረባዬ በእርሱ ስም የመጣ የሪኮል፣ ማለትም ጉድለት ያለበትን ተሽከርካሪ ለጥገና የሚጠራ፣ ደብዳቤ አመጣልኝ። ደብዳቤው ከውጭ የሚገባውን ኤሌክትሪክና የጀነሬተሩን ኤሌክትሪክ በሚያቀያይረው ሳጥን ውስጥ ያሉ ማያያዣዎች ሊላሉ፣ ከመጠን በላይ ሊግሉና እሳት ሊያስነሡ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ መጠገኛው ዕቃ ግን ገና አልተዘጋጀም ይላል። የሻንሲውን ቁጥር ይዤ ወደ መኪናው ዲለር ስሄድ ያልተሠራ ሪኮል እንደሌለ ተነገረኝ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሳስገባም ምንም አልወጣም። ማንን ልመን? ሐምሌ ላይ ወደ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር ስንሄድስ ልጆቼን ላስተኛበት እችላለሁን?

መልስ፦ ደብዳቤውን ይመኑ። ዲለሩም አልዋሸዎትም፤ የመለሰልዎት ግን ስለ መኪናው ብቻ ነው። ሞተርሆም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ኩባንያዎች እጅ የሚያልፍ ተሽከርካሪ ነው። ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን እንደ ፎርድ፣ መርሴዲስ ቤንዝ ወይም ፍሬይትላይነር ያለ የመኪና አምራች ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ኩባንያ፣ ብዙ ጊዜ በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ አካባቢ ያለ፣ በላዩ ላይ ቤቱን ይገነባል፣ አልጋውንና ወጥ ቤቱን ይገጥማል፣ የቤቱንም የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። በሪኮል የተጠራው ይህ ሁለተኛው ሥራ ስለሆነ የመጀመሪያው ኩባንያ መዝገብ ላይ ባይገኝ አያስደንቅም።

የድረ ገጹም ዝምታ ምክንያት አለው። ብሔራዊው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ከፊደላትና ከአኃዞች የተሠራውን ባለ 17 ምልክት የሻንሲ ቁጥር ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ከአምራቾች በሚያገኘው መረጃ ነው፤ ይህን መረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ብዙ መኪና የሚያመርቱት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ አነስተኛ አምራቾችና ልዩ ተሽከርካሪ ሠሪዎች የሚያካሂዱት ሪኮል በቁጥር ፍለጋ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ድረ ገጽ ላይ በቤቱ ሠሪ ስም፣ በሞዴሉና በዓመቱ ይፈልጉ፤ ወይም በደብዳቤው ላይ ያለውን የሪኮል ቁጥር ያስገቡ። ይህ ቁጥር በዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ይጀምራል፣ «ቪ» የሚል ፊደል ይከተለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለቤቱ ሠሪ ራሱ ደውሎ፣ የሻንሲውን ቁጥርና ቤቱን የሠራው ኩባንያ የሰጠውን መለያ ቁጥር አንብቦ፣ ተሽከርካሪው በጥሪው ውስጥ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። በዚያው አጋጣሚ ስምዎንና አድራሻዎን ያስመዝግቡ፤ መጠገኛው ዕቃ ተዘጋጅቶ የመጨረሻው ደብዳቤ ሲላክ እንደገና በባልደረባዎ በጎ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል። ባልደረባዎ ይህንን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ባለመጣሉ ሊመሰገን ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ በደብዳቤው ላይ «ሊላላ ይችላል» የሚለው ቃል ቀላል መስሎ የሚያልፋቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና። ኤሌክትሪክ በጠበቀ ማያያዣ ሲያልፍ የሚያግደው ነገር እምብዛም የለም። ብሎኑ ሲላላ ግን ሽቦውና ብረቱ የሚነካኩበት ቦታ ይጠብና እዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል። በ30 አምፔር መስመር ላይ የላላው ማያያዣ የሚፈጥረው እገዳ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሆን፣ 30 በ30 ተባዝቶ በ0.1 ሲባዛ 90 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ይህ የድሮው ባለ 90 ዋት አምፖል የሚያወጣው ያህል ሲሆን፣ በአንዲት የብሎን ራስ ላይ ተከማችቶ በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ማለት ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፣ በዚህም ይበልጥ ይላላል፤ መንገዱም እያንቀጠቀጠ ያግዘዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ብሬከሩ በዚህ ጊዜ እንደማይወርድ ነው። ብሬከር የሚወርደው በመስመሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከተወሰነለት መጠን ሲበልጥ ነው፤ በላላ ማያያዣ የሚያልፈው ግን መደበኛው 20 ወይም 30 አምፔር ስለሆነ ብሬከሩ ሁሉም ነገር ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል። አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ መብራቱ እየበራ፣ ቤተሰቡም እንቅልፍ ላይ ሳለ ሳጥኑ ይግላል። «ብሬከር አለኝ» ማለት ለዚህ አደጋ መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ ሞተርሆሙን በውጭ ኤሌክትሪክ ላይ አይሰኩ፣ ጀነሬተሩንም አያስነሡ። በክረምት ባትሪው እንዳይሞት ብለው ቤትዎ አጥር ግቢ ውስጥ ሰክተው የሚያቆዩት ከሆነ፣ ዛሬውኑ ይንቀሉት፤ በቤቱ ግድግዳ ሥር ከቆመ መኪና የሚነሣ እሳት የመኪናው ብቻ አይሆንም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የሚርገበገብ መብራት ወይም የጠቆረ የፕላግ ጥርስ ካዩ ለአምራቹም ለአስተዳደሩም በስልክ ቁጥር 1-888-327-4236 ያሳውቁ። ሳጥኑን ከፍተው ብሎኑን ራስዎ አያጥብቁ፤ 120 ቮልት ይገድላል፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎንም ሽቦውን ይጎዳል።

ስለ ሐምሌው ጉዞ የጠየቁት ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ችግሩ ያለው ከውጭና ከጀነሬተር በሚመጣው ባለ 120 ቮልቱ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲቋረጡ በሳጥኑ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርም፤ መብራቱና የውኃ ፓምፑ ሞተሩ በጉዞ ላይ ከሚሞላው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 120 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ካለውም ያጥፉት። ይህ በደብዳቤው ላይ «አይንዱት» የሚል ማስጠንቀቂያ ከሌለ ነው፤ ካለ ግን ጉዞው ይቅር። ይሁን እንጂ ጣሪያው ላይ ያለው አየር ማቀዝቀዣ ያለ 120 ቮልት ስለማይሠራ፣ በሐምሌ ሙቀት ልጆች እየተጨነቁ ሲያድሩ አይቶ «ለአንድ ሌሊት ብቻ ልሰካው» የሚል ፈተና መምጣቱ አይቀርም። እኔ ብሆን በሞተርሆሙ እሄድና ሌሊቱን ሆቴል አሳድራቸዋለሁ። ከመነሣትዎ በፊትም የጭስ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማስጠንቀቂያዎቹን ይሞክሩ፣ በላያቸው የተጻፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ይመልከቱ፤ የአደጋ ጊዜ መውጫውን ቀይ እጀታ ያለውን መስኮት ደግሞ ትልቁ ልጅዎ በገዛ እጁ ይክፈተው።

ጥገናው በነጻ ነው። መብቱ የተሽከርካሪው እንጂ የመጀመሪያው ገዢ ስላልሆነ፣ ከግለሰብ መግዛትዎ አያሳጣዎትም። ነጻ ጥገናው ተሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ እስከ 15 ዓመት ስለሚቆይ የ2016 ሞዴል ገና ጊዜ አለው። መኪናውን አስረክበው በ60 ቀን ውስጥ በአግባቡ ካልተጠገነ፣ ሕጉ አምራቹ በተገቢው ጊዜ እንዳልጠገነ ይቆጥረዋል፣ ምትክ ወይም ገንዘብ የመጠየቅ በርም ይከፈታል። ስለዚህ ያስረከቡበትን ቀን በጽሑፍ ይያዙ። ከዚህ በፊት ለዚሁ ችግር ከፍለው ያስጠገኑት ካለ፣ ደረሰኙን ይዘው አምራቹን ይጠይቁ፤ በደብዳቤው ላይ ስለ ገንዘብ መመለስ የተጻፈ አንቀጽ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሞተርሆሜን ለሠርግና ለሽርሽር ለሚያውቁኝ ሰዎች በገንዘብ አከራያለሁ። ሳላስጠግን ባከራይ ሕግ ይከለክለኛልን? አንባቢ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ የፌዴራሉ ሕግ እርስዎን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተከራዩት፣ ሪኮል ባልተሠራለት መኪና የሞቱ ሁለት እኅትማማቾችን መነሻ አድርጎ የወጣውና ከሰኔ 2016 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ሕግ፣ 35 ወይም ከዚያ በላይ መኪና ያላቸውን አከራዮች፣ ያውም ሙሉ ክብደታቸው ከ10,000 ፓውንድ ያልበለጠ ተሽከርካሪዎችን ብቻ ይመለከታል። ትልልቆቹ ሞተርሆሞች ከዚህ ክብደት ያልፋሉ። እኔ ግን ቁልፉን አይስጡ እላለሁ። ተከራዩ ደብዳቤውን አላየም፣ ሳጥኑ የት እንዳለም አያውቅም፣ ካምፕ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ገመዱን መሰካት ነው። እርስዎ ደግሞ ደብዳቤው እጅዎ ከገባ ቀን ጀምሮ «አላወቅሁም ነበር» ማለት አይችሉም። ጥገናው እስኪያልቅ ኪራዩን ያቁሙ፤ ሲያልቅም ሥራውን የሚመሰክረውን ወረቀት ግልባጭ ከመኪናው ሰነድ ጋር ያኑሩት።