ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞተረኞች፣ ስለ ጭስ ሕግና ስለ ሞተር ማስተካከል ጠይቁኝ

ደሴ ላይ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ሰሞኑን "ኢንጀክሽን ነው፣ ነካክተህ ጉልበት ጨምርልኝ" የሚለኝ በዝቷል። ኢንጀክሽን ማለት ቤንዚኑን ኮምፒውተር ለክቶ ወደ ሞተሩ የሚረጭበት ነው። ያላችሁን ጥያቄ ጣሉት፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የውጭ አገር የጭስ ሕግ እኛን ምን አገባን?

አንተን ባይነካህ ሞተርህን ነክቶታል። እዚህ የምንነዳው ብዙው የሕንድ ነው። ሕንድ ቢኤስ 6 የሚባለውን የጭስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ስታስገድድ፣ አገር ቤት የሚሸጡት ሞተሮች በአብዛኛው ወደ ኢንጀክሽን ዞሩ። ለውጭ ገበያ የሚሠራው ላይ ግን ካርቡራቶር፣ ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው፣ አሁንም አለ። ስትገዛ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እይ።

ጥያቄ፦ የኔ ካርቡራቶር ነው። ደሴ ላይ ይታፈናል፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ይነቃል። ምን ሆኖ ነው?

ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው። እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሰዋል። ካንዴላውን ፍታና እየው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፣ ዋናውን ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን፣ በትንሹ አሳንሰው። ጄቱን በሽቦ አስፍተው "ጉልበት ጨመርንልህ" የሚሉህ ካሉ ሽሽ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ተቃራኒውን ነው የሚሠሩት። ደግሞ ወደ ሚሌ ቆላ የምትወርድ ከሆነ የድሮውን ጄት ያዝ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ሲጋልብ ይግላል፣ ፒስተን ይበላል።

ጥያቄ፦ ካታሊቲኩን (ጭሱን የሚያጠራውን) ከማርሚታው ባስወጣው ይሮጣል አይደል?

ይጮሃል። 150 ሲሲ ላይ ለውጡን እግርህ እንኳ አያውቀውም። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ አውጣው የሚልህ ሰው የወጣውን ማን እንደሚወስደው ጠይቀው እስቲ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩን ማስቀየርስ? ኦንላይን ርካሽ ቺፕ አይቻለሁ።

እህቴ፣ እነዚያ ርካሾቹ ብዙዎቹ ሬዚስተር፣ ማለትም ተራ የኤሌክትሪክ መቀነሻ፣ ናቸው። ለኮምፒውተሩ "አየሩ ቀዝቃዛ ነው" ብለው ይዋሹታል፣ እሱም ቤንዚን ይጨምራል። ደሴ ላይ የምንሸሸውን በገንዘብሽ መግዛት ነው። ኢንጀክሽኑ የአየር ግፊቱን በሴንሰር ለክቶ ራሱን ያስተካክላል፣ ለሐረጎ ዳገት ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? በትክክል መጻፍ የሚችል ባለሙያ ቢገኝም ነገሩ ውጭ አገር የዋዛ አይደለም። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ጭስ የሚያባብስ ማስተካከያ ሸጠሃል ተብሎ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጥያቄ፦ ሕጉ ሞተሮቹን አላደከመም?

ትንሽ። ሱዙኪ ሃያቡሳ የሚባለው ፈጣን ሞተር ዩሮ 4 የሚባለውን የአውሮፓ የጭስ ሕግ ስላላሟላ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። በ2021 ቀጣዩን ዩሮ 5ን አሟልቶ ሲመለስ ጉልበቱ ከ197 ወደ 190 የፈረስ ጉልበት ወርዷል፣ መካከለኛ ዙር ላይ ግን ከድሮው ይጎትታል። ከተማ ውስጥ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ ጌታው፣ ጭነት ይዤ ዳገት ነው የምውል። ምን ልቀይር?

የኋላውን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ጎማ) 2 ጥርስ የሚበልጥ አድርገው። ጭሱን አትነካ፣ ኮምፒውተሩን አትነካ። ሜዳ ላይ ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ፣ ዳገቱ ላይ ትካሰዋለህ። ሰንሰለቱንም አብረህ ቀይር፣ የተለጠጠ ሰንሰለት አዲሱን ጥርስ ቶሎ ይበላዋል።