ይግባኙ ውድቅ ከሆነ በኋላ ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ መላክ ይጠቅማል ወይ? ለተባለው

ሰላም እህታችን። ወንድምሽ ካናዳ የጥገኝነት ይግባኙ ውድቅ ተደርጎበት ጠበቃው «ፌዴራል ፍርድ ቤት እንሂድ» ብሎታል፤ አንቺ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ምን ደብዳቤ አስጽፌ ልላክ ነው ጥያቄሽ። ለፍርድ ቤቱ ከሆነ፣ ምንም። ቀበሌ መመላለሱን ለጊዜው ተዪውና ቀኑን እንዲያጣራ ንገሪው።

ለፌዴራል ፍርድ ቤቱ የሚቀርበው ማመልከቻ መግባት ያለበት የይግባኙ ውሳኔ ከደረሰው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። መክፈቻው 50 የካናዳ ዶላር ነው። ቀኑ ካለፈ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው። በጊዜው የገባ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ማስወጣቱን በራሱ ያግዳል፤ ማራዘሚያ የተጠየቀበት አያግድም። ያኔ ለእግዱ ብቻ ሌላ አቤቱታ ይገባል፤ ክርክሩ ተራ አለመሆኑን፣ ቢመለስ የማይካስ ጉዳት እንደሚደርስበት፣ ሚዛኑም ወደ እሱ እንደሚያደላ ማሳየት አለበት። ሦስቱም መሟላት አለባቸው።

ቀጥሎ አንድ ዳኛ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ጉዳዩ ይሰማ ወይስ አይሰማ የሚለውን ይወስናል። ካልፈቀደ ይግባኝ የለውም። ከፈቀደ ችሎቱ ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀጠራል።

ፍርድ ቤቱ ታሪኩን እንደ አዲስ አይሰማም። የእኛን ሰበር ሰሚ ችሎት አስቢ፤ ማስረጃ አይመዝንም፣ የውሳኔውን ስህተት ነው የሚፈልገው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ 2019 ቫቪሎቭ በተባለው ጉዳይ ከሰጠው ፍርድ ወዲህ ዋናው መለኪያ ውሳኔው ምክንያታዊ ነው ወይ የሚለው ነው። ሰበር ራሱ ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል፤ እዚያ ግን ወንድምሽ ቢረታም ጥገኝነት አይሰጠውም፣ መዝገቡ ሌላ ሰው እንዲያየው ይግባኙን ውድቅ ወዳደረገው የስደተኞች ቦርድ ይመለሳል።

ስለዚህ ሥራው የውሳኔውን ጽሑፍ መስመር በመስመር ማንበብ ነው። «አላመንኩትም» የሚለውን መገልበጥ ይከብዳል። «አዲስ አበባ ሄዶ መኖር ይችላል» ተብሎ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ይቁም። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚፈራው የመንግሥት አካልን ከሆነ፣ መታወቂያና መሸኛ ሲጠየቅ ሊገኝ እንደሚችል በመዝገቡ ላይ አስረድቶ ነበር? ቦርዱስ መልስ ሰጥቶበታል? ዝም ብሎ ካለፈው ጥሩ ነጥብ ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ደግሞ ሁለት ነው፤ የአማራው ደብረ ብርሃን፣ የኦሮሚያው ፍቼ። የአንዱን የጸጥታ ሁኔታ ለሌላው አንብበው ከሆነ ዳኛ በቀላሉ የሚረዳው ስህተት ነው። ቀንም ይታይ፤ ጥር 5 ቀን 2016 በፈረንጅ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ነው። ተርጓሚው «ጃንዋሪ 5፣ 2016» ብሎት ቦርዱ «ቀኑ ይጋጫል» ካለ ጠበቃው ይወቀው። ችግሩ፣ ስህተቱ የወንድምሽና የጠበቃው ወገን ከሆነና ይግባኙ ላይ ካላነሱት ፍርድ ቤቱ እምብዛም አያዝንላቸውም።

ደብዳቤዎቹ ምናልባት ኋላ ይፈለጋሉ። ፍርድ ቤቱም ውድቅ ካደረገው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ 12 ወር ሲሞላ ከመባረር በፊት የሚደረገውን የስጋት ግምገማ መጠየቅ ይችላል፤ እስከዚያ ካላስወጡት ነው ታዲያ። እዚያ አዲስ ማስረጃ ይቀበላሉ፤ ግን የድሮውን ነገር ዛሬ ቀን ጽፎ ማህተም ማስመታት አዲስ አያደርገውም። ከውሳኔው በኋላ የፖሊስ መጥሪያ ቢመጣ ወይም ቤት ቢፈተሽ፣ ዋናውን ወረቀት ከነመላኪያ ደረሰኙ አስቀምጪ።